ሐምዱ አንሙትን የሸኘ ዕለት

የሮብ ገበያ ሰው እንግዳ መቀበል ያውቅበታል ይባላል። ይሁን። በመሸኘቱ ግን ማንም አይደርስበትም። እንግዳው ተነስቶ ጋቢውን አጣፍቷል፣ በር ላይ ተስሞ ተሰናብቷል፤ ዋናው ጨዋታ የሚጀመረው ያኔ ነው። የቤቱ ባለቤት ተከትሎት ይወጣል። እስከ አጥሩ ይሸኛል፤ ከአጥሩ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ወንዙ። እንግዳው «ይብቃህ፣ ተመለስ» ይላል። ሸኚው «ትንሽ ልጨምር» ይላል። ትንሽ ይጨመራል። «ኧረ በሞቴ ይብቃህ!» «ኧረ እስከዚያች ዛፍ ብቻ!» ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ያላነሱት ጉዳይ፣ ሐሜቱም ቁም ነገሩም፣ የሚወራው በዚህች መንገድ ላይ ነው። እዚህ አገር እንግዳውን ደጃፉ ላይ ሸኝቶ የሚመለስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል።

ልብስ ሰፊው ሐምዱ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ የሸኘው ደጃፉ ላይ ነው። አልታመመም፤ አልተቀየመም። እግሩ ነው።

ልምሻ የያዘው ቆሞ መሄድ በጀመረ ሰሞን ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ቀጥኖ፣ ከቀኙም አጥሮ ቀረ። ቤተሰቡ ተመካክሮ «ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ይሻለዋል» አለና ከአጎቱ የስፌት መኪና ጋር አገናኘው። ክፋት አልነበረውም። ለሐምዱ ክፉ ያሰበ ሰው በሮብ ገበያ አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። ብድግ ሲል ከየአቅጣጫው እጅ ይዘረጋለታል። ውኃ ሊቀዳ ሲል ኩባያው ከእጁ ይነጠቃል። ሠርግ ሲጠራ «አንተማ አትልፋ፣ ድርሻህን እንልክልሃለን» ይባላል። ሰው በደግነት እንዴት እንደሚታሰር ማየት የፈለገ የሐምዱን ኑሮ ቢያይ ይበቃው ነበር።

እጁ ግን የተባረከ ነው። የሚሰፋው ሱሪ ሳይተረተር ያረጃል። ከገበያው ዳር፣ ወንዙ ከኋላዋ በሚያልፍባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የስናን ወረዳን ገበሬ ግማሹን አልብሶታል። «እኔ የሰፋሁት ሱሪ ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቷል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ» ይላል። ሰው ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ግን አይስቅም ነበር፤ ይህን የምታውቀው ሚስቱ ፈውዚያ ብቻ ናት።

አንሙት የልጅነት ጓደኛው ነው። ቤቱ ከከተማው ሽቅብ፣ ከጥብቅ ደኑ በላይ ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታል። ልጅ ሳለ ለትምህርት ከደጋ ወርዶ ከሐምዱ ቤተሰብ ጎረቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበርና፣ ዝናብ ዘንቦ ጭቃው ሲበረታ ሐምዱን በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሰው የነበረ እሱ ነው። የአንሙት እናት እማ ሔዋን ስንቅ ይዘው ሲወርዱ ቆሎውን እኩል ለሁለት ይከፍሉታል። «ሁለቱ ልጆቼ» ይሉ ነበር፤ አንዱ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ለእሳቸው ምንም አልነበረም።

አንሙት አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶም ልማዱን አልተወም። ረቡዕ ረቡዕ ለገበያ ሲወርድ ሸክሙን አራግፎ ከሐምዱ ሱቅ ይቀመጣል። ጾም ነውና ቶሎ አይበላም፤ ፈውዚያ የመንገዱን ቆሎ ትቋጥርለታለች። መሄጃው ሲደርስ አንሙት ይነሳል፤ ሐምዱም ምርኩዙን ይዞ ይነሳል፤ እስከ ደጃፉ ድንጋይ ይሸኘዋል። እዚያ ላይ አንሙት ትከሻውን መታ አድርጎት «በል ደህና ሁን» ብሎት ይሄዳል። «ይብቃህ፣ ተመለስ» አይልም። ምን ብሎ ይበል? አንድ እርምጃ ያልሄደን ሰው «ይብቃህ» ማለት ፌዝ ይሆናላ። ሐምዱ ይህን ያስተውል ነበር። በዕድሜው «ይብቃህ፣ ተመለስ» ያለው ሰው የለም፤ የሚመለስበት ቦታ ደርሶ አያውቅምና። ለሌላ ሰው ምንም ያልሆነች ቃል፣ ሐምዱ የሚራባት ሆነች።

ከዚያ እማ ሔዋን ሞቱ። ክረምት ነበር። ወደ አንሙት አገር የሚያወጣው የዱሮው መንገድ ደግሞ ገደሉን እየቧጠጡ የሚወጡት፣ አህያ እንኳ ጭነቷ ተራግፎላት የምታልፈው ጉድ ነው። ከተማው ነቅሎ ለቀብር ወጣ። ሐምዱ ሱቁን ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ከፈተና ዘጋው። «ሁለቱ ልጆቼ» ያሉትን እናቱን ሳይቀብር ቀረ።

በሳምንቱ አንሙት ራሱ ወረደ። የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ከሐምዱ ሱቅ ተቀመጠ፤ ሐምዱ እንዲያለቅስለት። ለቀስተኛ ወደ ሐዘንተኛ ይሄዳል እንጂ፣ ሐዘንተኛ ወደ ለቀስተኛ ሲመጣ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሁለቱም አለቀሱ። አንሙት ምንም አላለም፤ ሲሄድም ትከሻውን መታ አድርጎት፣ «ደህና ሁን» እንኳ ሳይል ነው የሄደው። ሐምዱ ግን የዚያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ ለራሱ ማለ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ይህን ሰው እቤቱ ደጃፍ ድረስ ይሸኘዋል።

መሐላ ቀላል ነው፤ መንገድ ነው የጠፋው። እሱም ባልታሰበ በኩል መጣ።

የደን ጽሕፈት ቤቱ ጎብኚ ይመጣል ብሎ፣ ወጣቶች አደራጅቶ፣ በጥብቅ ደኑ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ እስከ ፏፏቴው የሚያወጣ የእግር መንገድ አሠራ። ሰዉ ጉድ አለ። ለገበያ አይደል፣ ለለቅሶ አይደል፣ እንዲሁ ለመሄድ የሚኬድበት መንገድ! የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ቦርሳቸውን አዝለው ሲያልፉ አንዲት ባልቴት አዝነው «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ለሽርሽር ነው ሲሏቸው አላመኑም፤ ከብት የጠፋበት ሰው እንደሚያፍር ያውቃሉና።

ሐምዱ ግን አልሳቀም። የደኑን ጠባቂ ገዳሙን፣ ሱሪ ሊያሳጥር በመጣ ጊዜ፣ ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረ ጠየቀው።

«ገደሉስ? ያ ገደል አለ?»

«የለም፣ ጋሽ ሐምዱ። ወንዙን ይዞ በቀስታ ነው የሚወጣው። ዞር ይላል። ይረዝማል እንጂ አይከብድም።»

«የሚያወጣውስ የት ነው?»

«ከፏፏቴው በላይ፣ አንሙት ማሳ ጥግ።»

ሐምዱ ያን ሱሪ ሲያሳጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ይረዝማል እንጂ አይከብድም! መንገድ ሁሉ ሲረዝምበት የኖረን ሰው ርዝመት ምን ሊያስፈራው።

ከዚያ ወዲያ የንጋቱን የሱብሒ ሶላት ሰግዶ ከመስጊድ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ መመለሱን ተወ። ወንዙን ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያ ከደኑ በር ሳይደርስ እግሩ ተንቀጠቀጠ፤ ተመለሰ። ሌላ ቀን በሩን አለፈ። ሌላ ቀን የመጀመሪያዋን ድልድይ ነካት። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄዶ የግራ ጫማውን ታች በመኪና ጎማ አስወፈረ። ከሸራ ጨርቅ ለጉልበቱ ማሰሪያ ሰፋ፤ አልተመቸውም፣ ፈታው፣ እንደገና ሰፋው። ለፈውዚያ ምንም አልነገራትም። እሷም ምንም አልጠየቀችውም፤ አንድ ቀን ብቻ ሱሪውን ስታጥብ «ይሄ የመስጊድ መንገድ ጭቃ አይመስለኝም» አለች። ሐምዱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ረቡዕ ዕለት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ። አንሙት ድንቹን ገበያው ሳይሞቅ ሸጦ ጨረሰና ጨውና ሳሙናውን በፌስታል ይዞ ከሐምዱ ሱቅ መጣ። ተጫወቱ። ከዚያ እንደ ወትሮው «እንግዲህ…» ብሎ ተነሳ። ሐምዱም ተነሳ። ግን መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተ፤ መኪናውን አለበሰ፤ ወጥቶ ሱቁን ቆለፈ። ጎንበስ ብሎም የአንሙትን ፌስታል አነሳ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አንሙት።

«እየሸኘሁህ።»

«እስከ የት?»

«እስክትደርስ።»

አንሙት ሳቀ። የሐምዱን ፊት አየና ሳቁን አቋረጠው። «ፌስታሉንስ ለምን ያዝክ?»

«ሸኚ እጁን እያወናጨፈ ይሄዳል እንዴ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ያለህ?»

የገበያውን መሐል ሲያቋርጡ ከተማው ሁሉ ዓይን ሆነ። ባለ ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ፤ «ጋሽ ሐምዱ፣ ይግቡ ላድርስዎት!» ባለ ሸቀጡ ከመደብሩ ዘሎ ፌስታሉን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ለሁሉም የሐምዱ መልስ አንድ ነበር፤ አንገቱን ቀና አድርጎ «እንግዳ እየሸኘሁ ነው» ይላል። ይህችን ሲል ድምፁ ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ ለአንዱ ሲመልስ ማዶ ያለውም ይስማ ብሎ ነው። ደስ አለው። ይህን መደበቅ አልቻለም፣ አልፈለገምም።

ፈውዚያ ከቤቷ በር ላይ ጠበቀቻቸው። አልጮኸች፣ አልከለከለች። ቆሎውን ለአንሙት ሰጠችና የባሏን የሸራ ማሰሪያ ጎንበስ ብላ አጠበቀችለት። «አላህ ያቅናችሁ» አለች። ሐምዱ እንዲህ በቀላሉ መለቀቁ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር፤ ደስታ ግን ሰውን ያሞኛል።

ከደኑ በር በኋላ መንገዱ ወደ ወንዙ ጠጋ ይላል። ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ አንዳንዴ ከሰው ጋር እኩል፣ አንዳንዴ ከሥር ገብቶ ይወርዳል። የሚያዳልጠው ላይ ወጣቶቹ ድንጋይ አንጥፈዋል፤ ገደል ገደል ያለው ላይ የቀርከሃ መደገፊያ ሠርተዋል። ጉሬዛዎች ከኮሶው ላይ ሆነው ቁልቁል አዩዋቸው። ሐምዱ ቀኙን ይተክላል፣ ምርኩዙን ይተክላል፣ ግራውን ይጎትታል፤ እንደገና ቀኙን። አንሙት ከጎኑ እርምጃውን አሳጥሮ ሄደ። እንዳሳጠረ እንዳይታወቅበት ደግሞ ዛፍ የሚያይ መሰለ፤ ገበሬ ሰው በመላ ዕድሜው ያየውን ዛፍ!

መጀመሪያ የሱቅ ወሬያቸውን ቀጠሉ። የድንች ዘር፣ የአንሙት ላም፣ የጤናዬ ወገብ። ጤናዬ የአንሙት ሚስት ናት። «ማታ ስገባ ውሻው ገና ሲጮህ ከውስጥ ሆና የምትጠይቀኝ ስለ ገበያው አይደለም» አለ አንሙት። «‹ሐምዱ ደህና ነው?› ነው የምትለው። ሁሌም። ጨው ረስቼ እንኳ ብመጣ መጀመሪያ እሷን ነው።»

የሸኚ መንገድ ግን ጠባዩን አልለቀቀም። ሁለተኛዋን ድልድይ ሲያልፉ አንሙት ወንዙን እያየ ተናገረ።

«ያኔ… እናታችን ስትሞት። ተቀይሜህ ነበር።»

ሐምዱ መራመዱን አላቆመም።

«መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ» አለ አንሙት። «መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን ቀብሩ ላይ ቆሜ ሰዉን አንድ በአንድ አየሁት። የከተማው ሰው ሁሉ አለ። አንተ የለህም። ልቤ አልሰማኝም።»

«አውቄብሃለሁ» አለ ሐምዱ።

«በምን?»

«ዝም ብለህ ሄድክ። አንተ ዝም ብለህ የምትሄድ ሰው አይደለህም።»

ሱቅ ውስጥ ሁለት ክረምት ሙሉ ተቀምጠው ያላወጧት ነገር እነሆ ወጣች። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ ሐምዱ በወንዙ ውኃ ተጣጥቦ ከሳሩ ላይ ሰገደ፤ አንሙት ምርኩዙን ይዞለት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀና ሲሉ ሁለቱንም ቀሏቸው ነበር፤ እግር ግን የልብን ያህል አይቀለውም።

ከዚያ በላይ ሐምዱ በጠዋት ልምምዱ ደርሶበት የማያውቅ አገር ነው። መንገዱ ጠበበ። ከጎን የምትመጣ አንዲት ጅረት መንገዱን የምታቋርጥበት ላይ የተጋደመ ግንድ አለ፤ የቀርከሃ መደገፊያው አንዱ ወልቋል። አንሙት ቀድሞ ተሻገረና እጁን ዘረጋ። ሐምዱ ፌስታሉን አሻግሮ ሰጠው፤ እጁን ግን አልያዘም። ቀኙን ተከለ። ምርኩዙን ተከለ። ምርኩዙ የረገጠው ሙጭልጭ ያለ ቅርፊት ነበር።

ወደቀ። ጅረቷ ጥልቀት የላትም፤ ግን የጮቄ ውኃ ናትና እስከ አጥንት ትሰማለች። ወገቡ ድረስ ረጥቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ምርኩዙን ውኃው ይዞት ወደ ትልቁ ወንዝ ሲገባ አየው። አንሙት ዘሎ ገብቶ በብብቱ ይዞ አወጣው። ግራ እግሩ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሁለት እጁ ጨምቆ ቢይዘውም አልቆም አለ። ሐምዱ እግሩን አየው። እስከ ዛሬ እንዲህ ጠልቶት አያውቅም።

አንሙት አጠገቡ ተንበረከከ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፤

«ይብቃህ፣ ሐምዱ። ተመለስ።»

ሐምዱ ቃሏን ሰማት። ቀና አለ። በዚያው ቅጽበት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የኮቴ ድምፅ ተሰማና ገዳሙ አንዲት ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳበ ብቅ አለ። ሐፍረቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«እትዬ ፈውዚያ ናቸው…» አለ። «ከሩቅ ተከተል፣ ካልወደቀ አትታይ ብለውኝ ነው።»

ያኔ ሐምዱ ፈነዳ። ደግ ሰው ሁሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ የዘረጋለት እጅ ሁሉ ፊቱ ላይ የተደረደረ መሰለው።

«አንሙት፣ ይህችን ቃል ስንት ዘመን እንደጠበቅኋት ታውቃለህ? ከማንም አይደለም፤ ካንተ! ዛሬ አልካት። እንዴት አድርገህ አልካት? ለበሽተኛ እንደሚባል! ተንበርክከህ!» ድምፁ ገደሉን መታ። «እንደ እንግዳ ቆመህ፣ ሸኚህን አመስግነህ ነው የምትለኝ። አሁን ያልካትን ውሰዳት። አልሰማኋትም።»

አንሙት ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ያባብል፣ ይለምን፣ በቅሎዋን ያስጠጋ ነበር። አንሙት ግን ከመሬት ፌስታሉን አነሳ፤ ጨውና ሳሙናው ውስጡ እንዳለ ወደ ሐምዱ ዘረጋው።

«እንግዲያው ያዝ» አለው። «እጅህን እያወናጨፍክ ልትሸኘኝ ነው?»

ሐምዱ ያን ፌስታል ሲቀበል ሳቅ መጣበት። እየረጠበ፣ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። አንሙትም ሳቀ።

የቀረው ምርኩዝ ነው። አንሙት ወገቡ ላይ ወዳለው ማጭድ እጁን ሰደደና ወደ አንድ ቀጥ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ተራመደ።

«አይሆንም!» አለ ገዳሙ ደንግጦ። «ከጥብቅ ደን እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው!»

«ሰውየው እግር የለውም እኮ!»

«ቢሆንስ! እኔው ጠባቂው ቆሜ?» ገዳሙ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ተጨነቀ። በመጨረሻ የራሱን ዘንግ፣ በቅቤ ታሽቶ የጠቆረውን፣ ለማንም አውሶት የማያውቀውን፣ ለሐምዱ አስያዘው። «ይመለሳል፣ ጋሽ ሐምዱ» አለ። ያለ ዘንግ የቀረ ጠባቂ በእግሩ አይሄድም ብሎም መሰለኝ በቅሎዋ ላይ ወጣ።

ሐምዱ ዞር ብሎ አየው። «ሁለት ደህና እግር ይዘህ! ምነው ደክሞህ ነው?» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ ፏፏቴው ድረስ ከሦስቱ ሰዎች በእንስሳ የሄደው ገዳሙ ብቻ ነው፤ ይህን ነገር የሮብ ገበያ ሰው እስካሁን አልተወለትም።

መንገዱ ረዘመ፤ እንደተባለውም አልከበደም ማለት ግን ውሸት ነው። ከፏፏቴው ጎን ደረጃው ሽቅብ ሲሆን ዘንጉም እግሩም እምቢ አሉ። ሐምዱ አላፈረም። ዞሮ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ልጅ ሳለ በቤታቸው ደረጃ እንደሚወጣው፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በእጁ እየገፋ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ወጣ። ፌስታሉን በጥርሱ ያዘው። የፏፏቴው ጤዛ ፊቱን አራሰው። በዚህ አወጣጥ አንድ ጥቅም አገኘ፤ ሌላው ሰው ደረጃ ደረጃውን እያየ ሲወጣ እሱ የመጣበትን አገር ነው የሚያየው። ወንዙ ከሥሩ እየቀጠነ፣ ደኑ እየሰፋ፣ ከሩቅ የሮብ ገበያ ቆርቆሮ በፀሐይ ብልጭ አለ። ከእነዚያ ቆርቆሮዎች አንዷ ሥር ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጧል። «ያን ሁሉ የመጣሁት እኔ ነኝ?» አለ። ገዳሙ በቅሎዋን ከደረጃው ሥር አስሮ እዚያው ቀርቶ ነበርና መልስ የሰጠው አንሙት ነው።

«አንተ ነህ። ማን ሊሆን ኖሯል።»

ከላይ ሲደርሱ ነፋሱ ተቀበላቸው። ጅብራው፣ ያ የውርጭ አገር ረጅም ተክል፣ በሜዳው ላይ ቆሟል። ከገብሱ ማሳ ወዲያ፣ ጥድ የከበባት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እማ ሔዋን እዚያ ናቸው። ሐምዱ ሰው ሳይነግረው አወቀ። ከቅጥሩ ውጭ ቆመ፤ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ።

«እማ፣ ዘገየሁ» አለ። «ግን በእግሬ ነው የመጣሁት።»

አንሙት ፊቱን አዙሮ ጋቢውን ዓይኑ ላይ ሳበ። ሐምዱ ግን አላለቀሰም፤ ያኔ አልቅሶ ጨርሷል። ዛሬ የመጣው ሊነግራቸው ነው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የአንሙት አጥር ታየ። የቀርከሃ በር፣ ከበሩ ወዲያ ጭስ የሚወጣው ጣራ። አንሙት በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ትልቅ ሰው እንደሸኘው እንግዳ ቀጥ ብሎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ወንድሜ። ብዙ ደከምክ። በቃ፣ ይብቃህ፣ ተመለስ።»

ሐምዱ ዞሮ የመጣበትን አየ። ወንዙን፣ ድልድዮቹን፣ የወደቀባትን ጅረት፣ የዘጋትን ሱቅ አሰበ። መልሷን ያውቃታል፤ ሰው ሁሉ በየደጃፉ ሲላት ሲሰማ አርጅቷል። ጉሮሮውን ጠረገና ደረቱን ነፍቶ አላት።

«ትንሽ ልጨምር።»

«ኧረ በሞቴ!»

«ኧረ እስከ ቤቱ ብቻ!»

በሩን ራሱ ገፍቶ ገባ። ውሻው ጮኸ። ሁለቱ ሰዎች ግቢውን ጎን ለጎን አቋረጡ፤ አንሙት ባዶ እጁን፣ ሐምዱ ፌስታሉን ይዞ። ከቤት ውስጥ የጤናዬ ድምፅ እንደ ሁልጊዜው መጣ።

«አንሙት፣ ሐምዱ ደህና ነው?»

አንሙት ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ጓደኛውን አስቀደመው።

«ራሱን ጠይቂው» አላት።